ረገብ ይበል

ከደምበጫ ወርደን፣ ከተምጫ ማዶ፣
ባህያ ጫንንለት ካቦ፣ ብሎን፣ ዳዶ፤
መምህር ምንይችል ፊት ፊት እየመራ፣
ተማሪው ከኋላ እንደ ጉድ ሲያወራ።
«ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው ሰው የሚንሸራተት፣
እንደ ጭልፊት ሁኖ ቁልቁል የሚሄድበት።»
ይኸን ብለው ጠሩኝ።
እኔ ሽባባው ነኝ፤ በር ነው የምገጥም፤
ጣራ አቆማለሁ እንጂ
የሰው ልጅ ባየር ላይ ሰቅዬ አላውቅም።

ዓይን ሁሉ ያረፈው ሾላው ላይ ነበረ፣
ስሙ ከወንዝ ወንዝ የተከበረ።
«ከዚህ እሰርልን፣ ይኸ መቼ ይወድቃል?
ካያት ቅድመ አያት እንደቆመ አይደል?»
መጥረቢያውን ገልብጨ ቀስ ብዬ ተጠጋሁት፤
አንኳኳሁ እንደ ደጅ፤
ጆሮዬን ለጠፍሁት።
ዱም! አለኝ ከውስጡ። ከበሮ ነው ሆዱ፤
ምስጥ ሲግጠው ከርሞ ልጥ ብቻ ነው ግንዱ፤
ቅጠሉ ግን ለምለም፣ አይናገር ጉዱ።

አለፍ ብለው ቆመው ሁለት ዋንዛዎች፣
ስም ያልወጣላቸው የገደል ዘበኞች።
መታሁት፤ «ጥ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም፤
ቅርንጫፉ አልደረቀ፣ ሥሩ አልተቦረቦረም።
«ከዚህ ነው» አልኋቸው። ቅር አላቸው ሁሉም፤
ከሾላ ዝቅ ማለት ላገር ሰው አይጥምም።

ካቦው ገብቶ ልጡን እንዳይበላው ብለን
ያሮጌ አይሱዙ ጎማ ቆርጠን አለበስን፤
በጎማው ላይ ደግሞ እንጨት ደረደርን፤
ዛፍም ጉሮሮ አለው፣ ሳናንቀው አሰርን።

ካቦውን ስስበው፣ ስስበው፣ ስስበው፣
የክራር ጅማት ሲሆን፣ ጎረምሳው «በለው!» ሲለው፣
ጋሽ እንዳላማው ናቸው ከድንጋይ የተነሡ፤
በጉብዝናቸው ወራት፣ ድልድይ ሳይሠራ ገና፣
ሰው በጠፍር አስረው ዓባይን ያሻገሩ።
«ተው፣ አንተ ሽባባው! ረገብ ይበል እንጂ።
እንዲህ የገተርኸው፣ ሰው ሲያርፍበት ጊዜ
ዛፉን ይነቅልሃል፤ ወይ ይበጠስና ያንተን አንገት ይሻል።
አርባ ክረምት ሙሉ በገመድ ኖሬያለሁ፤
የጠበቀ ሲጥል፣ የላላ ሲያሻግር፣ ባይኔ አይቻለሁ።»

ለቀቅ አደረግሁት።
መሐሉ ጎበጠ፣ ሽማግሌ መስሎ።

ከዚያ ድንች ሰቀልን፣ ባንድ ጆንያ ኩንታል፤
ከዚህ ሁሉ ተማሪ ማን ከሱ ይከብዳል?
ፑሊው አፏጨና ጆንያው በረረ፤
ታች ዋንዛው ጋ ደርሶ ተላትሞ ቀረ፤
ድንቹ እስከ ተምጫ ቁልቁል ተበተነ።
ልጆቹ ሳቁበት።
እኔ አንዱን አነሣሁ፣ ከሁለት የከፈለው፤
ነጭ ሆዱን አየሁ፤
ቀና ስል አጠገቤ፣ ጥርሱ ሳይከደን፣
የትንሹ ልየው ግንባር።

ሦስት ቀን ጨመርን።
የታችኛውን ጫፍ ሽቅብ ከፍ አድርገን፣
ከመነዳሪ ቆርጠን ልጓም አበጀን፣
ከዋንዛው ደረት ላይ የገለባ ፍራሽ አስጠግተን አሰርን።
ድንቹን ላክነው ደግሞ፤ ስድስት ጊዜ ሄደ፣
ስድስት ጊዜ ደርሶ
ደጅ እንዳለ እንግዳ ቀስ ብሎ ቆመ።

ሰባተኛው እኔ።
ከፍታ እንደምፈራ ማንም አያውቅም።
ወገቤን በቺንጋ፣ ጭኔን በቺንጋ፣
ዓይኔን በራሴ ፈቃድ።
ተምጫ ከእግሬ ሥር የወደቀ መቀነት ይመስላል አሉኝ፤ እኔ አላየሁም።

ከኔ ቀጥሎ ይታይሽ ሄደች፣ ሹሩባዋን
ከሄልሜቷ ከትታ፣
ካቦውን እንዳትነካ ሦስቴ አስምያት፤
መሐሉ ላይ ስትደርስ ያልተማረችውን
አንድ ነገር ጮኸች፤ ቃል ግን አልነበረም።

ሲመሽ ፑሊውን ፈትቼ በኪሴ ይዤ እገባለሁ፣
ሌሊት ማንም ልጅ ብቻውን እንዳይሞክር።
ሚስቴም «ከትራስህ ሥር ይኸ የሚጎረብጥ ምንድነው?» ትላለች።
ጠዋት ዳዶዎቹን ባንድ ባንድ አጠብቃለሁ፤
ገመዱን ግን አልነካ።

ሾላው ዛሬም አለ፣ ግርማው እንደነበረ፤
«ከሥሩ አትተኙ» ስል ማን ሰምቶኝ ነበረ።